መርዶን ማን ይመልሳል

ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት የልጅ ልጄ ስልኳን እያየች «ውይ!» ብላ ጮኸች። እኔ ከድሮም ስጉ ነኝ፤ «ውይ» ሲባል ገና ምን እንደሆነ ሳልሰማ ነጠላዬን አነሳለሁ። ምን ሆንሽ ስላት ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። የሰፈራችን ሰዎች በከፈቱት ግሩፕ ላይ የጎረቤታችን ልጅ ፎቶ ወጥቷል። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን ዓይናችን እያየ ያደገ። ከፎቶው ሥር የበራ ሻማ ተለጥፏል፤ ከሻማው ሥር ሰው ተሰልፎ «ነፍስ ይማር»፣ «ምነው በለጋነቱ»፣ «አላምንም» ይላል። እናቱ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ እያሰጡ ያንጎራጉራሉ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል።

«እሳቸው ግሩፑ ውስጥ የሉም። ልላክላቸው እንዴ?» አለችኝ። አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ ተደቅኗል።

«እጅሽን አንሺ!» ብዬ ጮኽኩባት። በሕይወቷ እንዲህ ጮኼባት ስለማላውቅ ስልኩ ከእጇ አምልጦ ወደቀ።

ኢንተርኔት የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ሲወስን ነው የሚውለው። ይህን ልላክ፣ ያንን ልተወው፣ ለማን ላስተላልፍ፣ ምን ልጨምርበት። በአውራ ጣት የሚሠራ ስለሆነ ግን ውሳኔ አይመስለውም፤ ዓይኑን እንደማርገብገብ ነው የሚቆጥረው። በዚህ ነገር ወጣቶቹን ስወቅስ የሚሰማኝ ሰው ጨዋ አሮጊት እመስለዋለሁ። አይደለሁም። እነሱ የሚሠሩትን እኔ ኢንተርኔት ሳይታሰብ ሠርቼዋለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ መንግሥቱ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት ቴሌፎኒስት ነበርኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ከፊቴ ባለው ሰሌዳ ላይ ሽቦ እየሰካሁና እየነቀልኩ ሰውን ከሰው አገናኛለሁ። ያኔ ስልክ በየቤቱ የለም። በተለይ ለአንኮበርና ለዙሪያው ሰው ጥሪ ሲመጣ የተነገረውን በወረቀት ጽፈን፣ ወደዚያ ለሚሄድ የታመነ ሰው እንሰጣለን። ሕጉ አጭር ነበር፤ የሰማሽውን ጻፊ፣ ያልሰማሽውን አትጨምሪ።

የዘመኑን ጭንቀት ያላየ ሰው አይገባውም። ወጣቱ ሁሉ ወደ ሰሜን ዘምቷል። ሬዲዮው ድል ድል ይላል፤ እናቶች ግን ስለ ድሉ ሳይሆን ስለ ልጆቻቸው ነበር መስማት የሚፈልጉት። ስልክ ቤቱ አግዳሚ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቁጭ ይላሉ። የሰሌዳው ደወል በጮኸ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላሉ፤ እኔም እደነግጣለሁ። ደመወዜን የምቀበለው ለመደንገጥ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሰሜን ጥሪ መጣ። መስመሩ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። አንድ ወጣት በአንኮበር በኩል ያለ አጥቢያ የሚያገለግሉ የአንድ ቄስ ስም ጠራልኝ።

«ለቄሱ ንገሪልኝ፣ እህቴ። የእህታቸው ልጅ ታሟል። ሆስፒታል ነው ያለው። ቶሎ ይምጡ፤ እሳቸው ራሳቸው ይምጡ። ለእናቱ ግን አሁን አይንገሯቸው። በተለይ ብቻቸውን ሆነው እንዳይሰሙ፣ አደራ።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ጓደኛው ነኝ» አለና ሳግ ያዘው። የሆስፒታሉን ስም እንደምንም ነገረኝ። ከዚያ ማዶ ያለችው ቴሌፎኒስት ሰዓት አልቋል ብላ ቆረጠችው።

የዚህን አገር ሰው ለማያውቅ ጥሪው ግልጽ ነው፤ ልጁ ታሟል፣ አጎቱ ይምጣ። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ነበር ግልጽ የሆነልኝ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። የሞተ ሰው ዘመዶቹ እስኪሰባሰቡ ድረስ ታሞ ይቆያል። አባቴ የሞተ ጊዜ «አመም አድርጎታል፣ ብቅ በይ» ተብሎ ተላከብኝ። ወላጆቼ የሚኖሩበት መዘዞ እስክደርስ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ብርቱካን ታቅፌ፣ ልጬ ላጉርሰው ወይስ ጨምቄ ላጠጣው እያልኩ ነበር። ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሎ ሳይ ብርቱካኑ ከእጄ ተበተነ። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ ሁለተኛ እንደዚህ ሞኝ አልሆንም አልኩ። እናም ያቺ ቅዳሜ ስትመጣ ብልህ ሆኜ ጠበቅኋት።

ወረቀቱን በትክክል ጻፍኩ። ታሟል፣ ሆስፒታል ነው፣ ቶሎ ይምጡ፣ እናቱ ብቻቸውን አይስሙ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱስ የያዘውን አልለቀቀም ነበር። ከገበያ በኋላ በአንኮበር አድርገው ወደ አልዩ አምባ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ሐጂ ነበር የምንላቸው። መልእክት አደራ ስንሰጣቸው አንድም ቀን አጥፍተው አያውቁም። የቄሱን ቤት ያውቃሉ፤ በኬላ ፍተሻ የመሸባቸው ጊዜ እዚያ ያድራሉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

«ሐጂ፣ ወረቀቱ ታሟል ነው የሚለው» አልኳቸው። «ግን አጎቱ ራሳቸው ይምጡ፣ እናቱ ብቻቸውን አይስሙ ተብሏል። እርስዎ ያውቁታል እንግዲህ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ሞቷል ብለው ነገሩሽ?»

«ማን ነው እንዲህ ብሎ በስልክ የሚናገር?»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፤ ወረቀቱን በኩታቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ወላሂ ደግ ልጅ ነበር። እናቱ ያላቸው እሱን አንዱን ነው።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ የሰሜኑ መስመር ከሰዓት ሙሉ ባዶ ነበር። ሽቦው እጄ ላይ ነው። መልሼ ደውዬ «ልጁ በሕይወት አለ?» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። አልደወልኩም። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡም አልመጣልኝም፤ ሰው ሞተ ከተባለ በኋላ በእርግጥ ሞቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለኝ ነበር። ሹራቤን ለብሼ ቤቴ ገባሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐጂ መርዶው እንዴት እንደተነገረ አጫወቱኝ። ቄሱና የአጥቢያው ሽማግሌዎች ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተሰበሰቡ። በዚያ በአፋፉ ብርድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ እናቲቱ ደጅ ሄዱ። መርዶ እንዲያ ነው የሚነገረው፤ እህል ሳይቀመስ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ። እናቲቱ በሩን ከፍተው የሰዉን ብዛት ሲያዩ ማንም ቃል ሳይተነፍስ መሬት ላይ ወደቁ። ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ግን ክፉ ነገር ሥርዓቱን ጠብቆ በመነገሩ ደግሞ ልቤ አረፍ አለ። የሚገባኝን ያደረግሁ መሰለኝ።

ከመጀመሪያው ጥሪ አምስት ሳምንት አለፈ። አንድ ረቡዕ ከሰሜን ጥሪ መጣና ሽቦውን ሰካሁ። ያው ወጣት ነው፤ ሳጉ በቁጣ ተለውጧል።

«የሰው ያለህ! ለቄሱ ነግረሽልኛል? ሰው ምን ሆኖ ነው የማይመጣው?»

«የምን ሰው?»

«አጎቱ ነዋ! ቁስሉ አመርቅዞበታል፤ ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለ አጎቴ ነው ወይ ይላል። እናቱን ላለማስደንገጥ ብዬ ነው እሳቸውን የጠራሁት። እምቢ ካሉ እምቢ ብለዋል በይኝና ልንገረው።»

«በሕይወት አለ?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

ሽቦውን ነቀልኩት። አለቃዬ ቢሮ ሮጥኩና ፈቃድ ይስጡኝ አልኳቸው። ምክንያት ሲጠይቁኝ የመጣልኝ «እናቴ ታማለች» የሚል ብቻ ነበር። አለቃዬ ብድግ ብለው ወንበር ሳቡልኝ፤ ውሃ አስመጡልኝ፤ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አይዞሽ፣ ጓድ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» አሉኝ። እናቴ የሞተች መስሏቸዋል። እናቴ በደህና ቤቷ ተቀምጣለች። ስንቱ ነው እንደኔ ብልህ የሆነው ብዬ በዚያ ጭንቀት መሃል ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

አንኮበር የደረስኩት ከጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተሳፍሬ ነው። ጭጋጉ ከገደሉ ወደ ላይ እየተንከባለለ መንገዱን ሸፍኖታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት መንገዱን ሁሉ ለራሴ ስደጋግም ሄድኩ። እናቲቱ ግቢ ስገባ ሴቶች ለአርባው ጠላ ይጠምቃሉ። እሳቸው ራሳቸውን ተላጭተው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። እኔን አያውቁኝም።

«ለቅሶ ልትደርሺ ነው፣ ልጄ? እግዜር ይስጥልኝ፤ ግቢ» አሉኝ።

አልተቀመጥኩም። ወጥቼ ቄሱን ፈልጌ አገኘሁና ልጁ በሕይወት አለ አልኳቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «መርዶ ሲነገር ሥርዓት አለው» አሉኝ። «ሲመለስ ግን ሥርዓት የለውም። ጠዋት ነው ማታ፣ ሽማግሌ ይዤ ነው ብቻዬን፣ ምን ብዬ ልጀምር?»

እኔ ነኝ ያልኩት፣ ወረቀቱ ልክ ነበር፣ በአፌ የጨመርኩት እኔ ነኝ ልላቸው ይገባኝ ነበር። አላልኩም። ፈራሁ። እሳቸው ሐጂ ሰምተው የተሳሳቱ መስሏቸዋል። ሐጂ ደግሞ በኋላ ሲጠየቁ «አዎ፣ ከእኔ ነው» ብለው ጥፋቱን ተሸከሙልኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አላደሩም። እኔንም አንዲት ቃል አልወቀሱኝም።

ቄሱ ግራ ገብቷቸው ሲቆሙ፣ እኔ ተመልሼ ገባሁና እንደመጣልኝ ተናገርኩት። «እማማ፣ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ልጅዎ አልሞተም። ሆስፒታል ነው። ዛሬ ጠዋት ጓደኛው ደውሏል።»

እልል አላሉም፤ አልወደቁም። የተዘቀዘቀውን ነጠላ ከትከሻቸው አውርደው፣ ጥለቱን አዙረው፣ እንደ ሌላው ቀን ለበሱት። ከዚያ «እዚያ ምን ያበሉታል?» ብለው ጠየቁኝ። ወዲያው ገብስ ይቆላ፣ በሶ ይፈጭ አሉ። የአርባው ጠላ ለደስታ ተጠጣ። እኔን ጉልበቴ ላይ ሊስሙኝ ሲያጎነብሱ ከለከልኳቸው፤ እሳቸው ግን አገጬን ይዘው «አንቺ ልጄን የመለስሽልኝ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቄሱ በማግስቱ ሊነሱ ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ግን የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ቀበሌው ደግሞ ልጁን ከመዝገብ ሰርዞታል። የሞተ ሰው ልጠይቅ ነው የሚሉት እንዴት ነው ተብለው አራት ቀን ተመላለሱ። እኔ ደብረ ብርሃን ሆኜ በየቀኑ ሆስፒታሉን በስልክ ለማግኘት እሞክር ነበር፤ አሁን ሲፈለግ መስመሩ አይገኝም። አምስት ሳምንቱን በጣቴ እየቆጠርኩ እንቅልፍ አጣሁ። አጎቱ ያን ጊዜ ሄደው ቢሆን ኖሮ ወደ አዲስ አበባ ያዛውሩት ነበር፤ ሐኪም ያማክሩ ነበር፤ ቢያንስ አጠገቡ ይቀመጡ ነበር።

ቄሱ ሲደርሱ ልጁ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

በሶው ከነከረጢቱ ተመልሶ መጣ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ጎህ ሳይቀድ ተሰበሰቡ፤ ጋቢያቸውን እንደገና ተከናነቡ። በዚህኛው ላይ እኔም ነበርኩ፤ አልቀርም ብዬ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። እናቲቱ በሩን ከፍተው ሁላችንንም በየተራ አዩን።

«ደግሞ መጣችሁ?» አሉ።

«እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ ቄሱ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል።

«አየኸው?»

«መቃብሩን አሳዩኝ።»

«አፈር ነዋ ያየኸው። ልጄን አላየኸውም።»

«እህቴ፣ እርግጥ ነው…»

«ያን ጊዜም እርግጥ ነበር። ራሴን ላጭታችሁኝ ስታበቁ ልጄ ተገኘ። አሁንም ይገኛል። ሂዱ፣ ብርድ ነው፤ ወደየቤታችሁ ግቡ።» በሩን ዘጉት። ነጠላቸውንም ዳግመኛ አልዘቀዘቁም፤ አላለቀሱም፤ ተዝካር አይወጣም አሉ። አገሩ ሁሉ ለለቅሶ መጥቶ አልቃሽ አጥቶ ተመለሰ።

የልጅ ልጄን እጅሽን አንሺ ያልኳት ለዚህ ነው። ስልኩን ከወለሉ አንስቼ «መጀመሪያ ለራሱ ደውዪለት» አልኳት። እንዴ፣ ለሞተ ሰው እንዴት ይደወላል አለችኝ። ደውዪ አልኳት። ጠራ። ጠራ። ጠራ። «ሃሎ» አለ እንቅልፍ ባለበት ድምፅ፤ ኮምቦልቻ አድሮ ገና መነሳቱ ነው። የሞተው ሌላ አገር ያለ፣ በስም የሚመሳሰለው ሾፌር ነው። አንዱ የሰፈራችን ሰው ስሙን አይቶ የእኛን ልጅ ፎቶ ከራሱ ስልክ ፈልጎ ለጥፏል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሻማው ጠፋ፤ «አላምንም» ሲሉ የነበሩትም «ተመስገን» አሉ። ማን እንደለጠፈው ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቀዋለሁ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ሲባል ሰምቶ፣ ግምቱን መላ መስሎት የጨመረ ነው።

የአንኮበሯ እናት ከሁለተኛው መርዶ ወዲህ፣ ደርግ እስኪወድቅና ከወደቀም በኋላ፣ እግራቸው እስኪከዳቸው ድረስ፣ ከአንኮበር እየተሳፈሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ ቤት ይመጡ ነበር። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቦታ ነበራቸው፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት አስነሳላቸዋለሁ። ቋጠሮአቸው ውስጥ አዲስ የተፈጨ በሶ አለ፤ ልጃቸው ሲደውል ወደዚያ ከሚሄድ ሰው ጋር ለመላክ። የሰሌዳው ደወል ሲጮኽ ቀና ይላሉ፣ መስመሩ የሌላ ሰው ሲሆን ቀስ ብለው ያቀረቅራሉ። ልንዘጋ ስንል ወደ መስኮቴ ይመጣሉ።

«ዛሬስ፣ ልጄ?»

አንድ ቅዳሜ ቆርጬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቃላቱን ስደረድር አድሬያለሁ፤ ሞቷል፣ እማማ፣ የመጀመሪያውም ጥፋት የእኔ ነው፣ ያልቅሱለት ልል ነበር። ከመስኮቴ ወጥቼ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ። ገና አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ወንድሜ ዋሸኝ፤ ሽማግሌዎቹ ዋሹኝ» አሉኝ። «እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሞቷል ብትይኝ ኖሮ አምንሽ ነበር። አንቺ ግን አላልሽም።»

ሞቷል የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ፣ በማይሆን ጊዜ፣ ጨርሼዋለሁ።

«ዛሬም አልደወለም፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ለቅዳሜ» አሉና ቋጠሮአቸውን አንስተው አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ፈጠን ፈጠን እያሉ ወጡ።